ቤተሰብ ይዞ ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፦ ከቀን ምርጫ እስከ ፓይክስ ፒክ ጫፍ

ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከዴንቨር በስተደቡብ አንድ ሰዓት ከምናምን ብቻ የምትርቅ፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። እንደ ዴንቨር አትጨናነቅም። እንደ ስኪ መንደሮቹም ኪስ አታራቁትም። ተራራው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ከከተማዋ ምዕራባዊ ጫፍ ይጀምራል። ልጆች፣ ወላጆች፣ ምናልባትም አንዲት አያት በአንድ መኪና ይዞ ለሚሄድ አበሻ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ የተራራ ከተማ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ግን አንድ ነገር አለ። ጉዞው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በገንዘብ ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው። ሰው በመጣ ማግስት ሕፃን ይዞ ፓይክስ ፒክ የሚባለው ተራራ ጫፍ፣ 4,300 ሜትር ላይ ይወጣል። ከዚያ ልጁ ያስመልሰዋል፣ እናት ራሷን ያማታል፣ የቀረው ቀን ሆቴል ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ዕቅዳችሁን በሦስት ነገር ላይ አጥብቁ፦ በቀኑ፣ ቀድመው በሚያዙት ትኬቶችና በከፍታው። ሌላው ልቅ ቢሆን ችግር የለውም።

(ከዚህ በታች ያለውን ሰዓት ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ትኬቱ ላይ 8:00 ኤ ኤም የሚለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ለአያቶች ይህን ደጋግሞ መንገር አይከፋም።)

1. መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁሉም ሰው ይወጣል፤ ጁንና ጁላይ የሚጨናነቁት ለዚህ ነው። ለጾመኛ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ የምትገባው ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ነው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ከረቡዕና ዓርብ በስተቀር ነፃ ነው። ፍልሰታን ልጆቹም የሚጾሙ ከሆነ በዚያ ሰሞን ተራራ ማስወጣቱን ተዉት። ባዶ ሆድና ከፍታ አይስማሙም።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ቀናት ከቅዳሜና እሑድ በጣም ይሻላሉ። የሆቴሉም ዋጋ፣ የፓርኪንጉም ነገር ይቀላል። ትንንሽ ልጆች ብቻ ያሏችሁና ትምህርት ቤት የማያስራችሁ ከሆነ የሴፕቴምበርን መጨረሻ አስቡበት። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰዉ ይቀንሳል፣ ተራራው ላይ ያሉት የአስፐን ዛፎች ቅጠል ወርቅ ይመስላል። በሌበር ደይ ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ማለዳ ሜሞሪያል ፓርክ ውስጥ ግዙፍ የአየር ፊኛዎች ሲነሡ በነፃ ማየት ይቻላል። ልጆቹን ከሌሊቱ 11 ሰዓት መቀስቀስ ግን የእናንተ ዕዳ ነው።

2. በየት በኩል ትገባላችሁ?

ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ትንሽና ቀላል ነው፤ ከበሩ እስከ መኪና ኪራዩ ሩቅ አይደለም። የበረራ ምርጫው ግን ጥቂት ነው። ዴንቨር ብዙ ርካሽ በረራ አለው፤ ከዚያ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ መንዳት ይቀራል። አምስት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ የሁለቱን የትኬት ልዩነት በአምስት አባዙና ወስኑ።

ከዴንቨር ስትመጡ ጂፒኤሱ ኢ-470 የሚባለውን መንገድ ሊያሳያችሁ ይችላል። ባዶ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን ቶል ነው። ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፤ ካሜራ ሰሌዳችሁን ያነሣል። መኪናው የኪራይ ከሆነ ኩባንያው በቶሉ ላይ የራሱን ጭማሪ ጭኖ ይልክላችኋል። ጂፒኤሱ ላይ ቶል የሚለውን አጥፉትና በአይ-70 እና በአይ-225 አድርጋችሁ አይ-25ን ያዙ።

ይህ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው፤ በኦሮራ ያልፋል። ኦሮራ የኮሎራዶ አበሻ መናኸሪያ ናት። ሃቫና ጎዳና ላይና አካባቢው የአበሻ ምግብ ቤት፣ ባልትና ቤት፣ ሐላል ሥጋ ቤት ታገኛላችሁ። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ውስጥ ይህ ሁሉ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የሳምንቱን እንጀራ፣ በርበሬውን፣ ቡናውን ከዚያ ሸምታችሁ ውረዱ። ሥጋ ካለ ኩለርና በረዶ ያስፈልጋል።

የልጅ ካር ሲት ካላችሁ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። የአሜሪካ አየር መንገዶች በነፃ ይጭኑላችኋል። ከመኪና አከራዩ በየቀኑ ሒሳብ መከራየት ያለ ምክንያት ገንዘብ መበተን ነው።

3. ማደሪያ

ሦስት ሰፈር ላይ አተኩሩ። ጋርደን ኦፍ ዘ ጎድስ ሮድ የሚባለው መንገድ ከአይ-25 ጋር በሚገናኝበት አካባቢ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ብዙ ሆቴሎች አሉ፤ ለሁሉም ነገር መሐል ነው። ማኒቱ ስፕሪንግስ ከተራራው እግር ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ሞቴሎቿ ያረጁ ቢሆኑም በእግር መንቀሳቀስ ይቻላል። ብሮድሙር ደግሞ ዝነኛው የቅንጦት ሆቴል ያለበት ነው፤ እሱን ለዓመት በዓል ፎቶ ብቻ ብትጎበኙት ኪሳችሁ ያመሰግናችኋል።

እኔ የምመክረው ምድጃና ፍሪጅ ያለው ክፍል ነው። ቁርስና እራት እዚያው ካበሰላችሁ የምግብ ወጪው በግማሽ ይወርዳል፤ የአያትም ሆድ ይጠበቃል። ቡና ማፍላት ይቻላል። ዕጣን ግን አታጭሱ! የጭስ ማንቂያው ይጮኻል፣ ሆቴሉም ሲጋራ እንዳጨሰ ሰው አድርጎ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ውጭ ከሰል አቀጣጥላችሁ ሥጋ ለመጥበስ ካሰባችሁ ደግሞ በመጀመሪያ የእሳት እገዳ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። በጋው ደረቅ ሲሆን የሰደድ እሳት ስለሚፈራ ከሰል ይከለከላል፤ ቅጣቱም የሚያስቀልድ አይደለም።

4. ቀድሞ የሚያዘውን ያዙ

ቀኑ እንደተቆረጠ እነዚህን ሦስቱን በኢንተርኔት ያዙ፦

- የፓይክስ ፒክ የመኪና መንገድ። ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ ከመግቢያ ክፍያው በተጨማሪ የሰዓት ቦታ መያዝ ግዴታ ነው። የጠዋቱ ሰዓት ቀድሞ ያልቃል።
- ወይም የፓይክስ ፒክ ባቡር። ሁለቱንም አትያዙ፤ አንዱ ይበቃል። የቱ እንደሚሻል ወደ ታች እነግራችኋለሁ።
- የሻይአን ማውንቴን የእንስሳት ማቆያ። ትኬቱ በቀንና በሰዓት የሚሸጥ ሲሆን ዋጋውም እንደ ቀኑ ይለያያል።

ሌላው ሁሉ ሲደርሱበት የሚሆን ነው። እንዲያውም ከሚታዩት ነገሮች የሚበልጡት ነፃ ናቸው።

5. ከፍታውን በደረጃ ውጡ

ከተማዋ 1,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነች። ስለዚህ አያትየው በቅርቡ ከሸገር የመጡ ከሆነ ከተማዋ ለእሳቸው ወይና ደጋ ናት፤ ምንም አይመስላቸውም። ቨርጂኒያ ወይም ዳላስ የተወለዱት ልጆች ግን ሌላ ናቸው። ዓመታት ባሕር ጠረፍ አካባቢ የኖራችሁ ወላጆችም እንደዚያው። «እኔ እኮ የደጋ ልጅ ነኝ» አይሠራም። ሰውነት የለመደውን ከፍታ በሳምንታት ውስጥ ይረሳል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ምንም። ግቡ፣ ብሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተኙ። አየሩ በጣም ደረቅ ነው። ልጆች አፍንጫቸው ሊደማ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ማታ ማታ ትንሽ ቫዝሊን ቀቡላቸው። ውሃ ሳይጠማቸው አጠጧቸው። ለአዋቂዎችም ቢራው ከወትሮው ፈጥኖ ሊሰማችሁ ይችላል።

ሁለተኛው ቀን፦ ጋርደን ኦፍ ዘ ጎድስ። መሬት ሰንጥቀው ቀጥ ብለው የቆሙ ቀይ ድንጋዮች ናቸው። መግቢያው ነፃ ነው። ነፃ የሆነውም በዕድል አይደለም፤ ቻርልስ ፐርኪንስ የሚባል የባቡር ኩባንያ ባለሀብት ልጆች በ1909 ቦታውን ለከተማዋ ሲሰጡ ለዘላለም ለሕዝብ በነፃ ክፍት እንዲሆን ብለው ነው። መሐሉ ላይ ያለው የእግር መንገድ የተነጠፈ ስለሆነ የሕፃን ጋሪም ዊልቸርም ይሄድበታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ። ከ4 ሰዓት በኋላ ፓርኪንግ ፍለጋ መዞር ነው። ልጆች ድንጋዩ ላይ እንዳይንጠላጠሉ ተከታተሉ፤ ያለ ፈቃድና ያለ መሣሪያ መውጣት ክልክል ነው።

ከዚያ ለምሳ ማኒቱ ስፕሪንግስ ውረዱ። ከከተማዋ መሐል በእግር እየዞሩ የሚቀመሱ የማዕድን ውሃ ምንጮች አሉ፤ በነፃ ነው፣ ኩባያ ብቻ ያዙ። ከመሬት ሲወጣ ራሱ ጋዝ አለው። አምቦ ውሃን የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ጉንጭ እንደቀመሰ ፈገግ ይላል። የአንዱ ምንጭ ጣዕም ከሌላው ይለያል፦ አንዱ ጨው ጨው ይላል፣ ሌላው የብረት ጣዕም አለው። ልጆቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ለቪዲዮ ደህና ነው። እዚያው ቅርብ በሳንቲም የሚሠሩ የድሮ መጫወቻዎች ያሉበት ትልቅ አርኬድ አለ። ጥቂት ዶላር ዘርዝራችሁ ብትሰጧቸው እናንተ አንድ ሰዓት ታርፋላችሁ።

እዛው ማኒቱ ውስጥ ኢንክላይን የሚባል የደረጃ መንገድ ታያላችሁ። ከ2,700 በላይ ደረጃ ነው፣ ቀጥ ያለ። ስፖርተኛ አጎት ካለ ቦታ አስይዞ ማለዳ ብቻውን ይውጣ። ለቤተሰብ አይሆንም።

ሦስተኛው ቀን፦ የእንስሳት ማቆያው። ተራራ ጎን ላይ የተሠራ ስለሆነ ሁሉም ነገር ዳገት ነው፤ ጋሪ ለማያስፈልገው የአራት ዓመት ልጅ እንኳ ጋሪ ያዙ። ዋናው ነገር ቀጭኔዎቹ ናቸው። ብዙ ናቸው፤ ትንሽ ከፍላችሁ ሰላጣ ከእጃችሁ ታበሏቸዋላችሁ፤ ረጅሙ ምላስ እጅ ላይ ሲጠመጠም የማይጮህ ልጅ የለም። ዝርያቸው በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ የሚገኘው መረብ መሳይ ጥለት ያለው ቀጭኔ ነው። ልጆቻችሁን «የሀገራችሁ ልጅ ነው» ብትሏቸው ውሸት አይሆንም። በሩ ሲከፈት ግቡ፣ ወዲያው ወደ ቀጭኔዎቹ ሂዱ፤ ከረፋዱ በኋላ ወረፋ አለ።

6. ፓይክስ ፒክ፣ በአራተኛው ቀን

አሁን ሰውነት ትንሽ ለምዷል። ጫፉ 4,302 ሜትር ነው። ከራስ ዳሸን ብዙም አያንስም፤ በእኛ አጠራር ጥሩ ውርጭ ነው። በጁላይም በረዶ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

መኪና ወይስ ባቡር? በእኔ አስተያየት መልሱ ሹፌሩ ላይ ነው። የመኪናው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የተነጠፈ ነው፣ ግን ወደ ላይ ሲወጣ ገደሉ በመስኮት ይታያል፣ ብዙ ቦታም መከላከያ ብረት የለውም። ሊማሊሞን የነዳ ሰው ይስቅበታል። ሜዳ ላይ የተማረ ሹፌር ግን መሪውን ጨምቆ ይዞ ምንም ሳያይ ይመለሳል። መኪናው ጥቅሙ ነፃነቱ ነው። ልጅ ካስመለሰው ትቆማላችሁ፣ ከደከማችሁ ግማሽ መንገድ ላይ ትመለሳላችሁ፣ ወጪውም ለብዙ ሰው ይቀንሳል።

ባቡሩ ከማኒቱ የሚነሣ፣ ሐዲዱ ጥርስ ያለው ባቡር ነው። ሥራ የጀመረው በ1891 ሲሆን ለዓመታት ተዘግቶ ከታደሰ በኋላ በ2021 እንደገና ተከፍቷል። ደርሶ መልሱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለአንድ ሰው ከ50 ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ፓርኪንጉም ለብቻው ይከፈላል። ሹፌሩም እንደ ሰው መስኮት ያያል፣ ያ ደግ ነው። ግን ባቡሩ ውስጥ ሽንት ቤት የለም። ዳይፐር በቅርቡ ያወለቀ ልጅ ካላችሁ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

በመኪና ከሆነ እንዲህ አድርጉ፦

ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ እስከ ጫፍ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ፤ በጁንም በበረዶ ሊዘጋ ይችላል። ቤንዚን ታች ሙሉ፤ ተራራው ላይ ማደያ የለም። የያዛችሁት ሰዓት የመጀመሪያው ቢሆን ይመረጣል። ስትወጡ አትቸኩሉ፤ መሐል ላይ ሐይቁ ጋ ቁሙ፣ ልጆቹ ይሩጡ፣ ጆሯቸው እንዲከፈት ማስቲካ ስጧቸው፣ ሕፃኑ ጡጦ ይጥባ።

ጫፉ ላይ በ2021 የተከፈተ ትልቅ የእንግዳ መቀበያ አለ። ሞቃት ነው፣ ሽንት ቤት አለ፣ እዚያው የሚጠበስ ዶናት ይሸጣል። ዶናቱ ታች ሲወርድ ያው ዶናት አይደለም፤ እዚያው ብሉት። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አርባ ደቂቃ ቆዩ። ልጆች እንዳይሯሯጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ያለ ወትሮው ድብት ማለት፣ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ያለ ምክንያት መነጫነጭ ከመጣ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ። «ትንሽ ይቆይና ይተወዋል» ብላችሁ አትጠብቁ።

ስትወርዱ ፍሬን ላይ ቆማችሁ አትምጡ። ማርሹን ዝቅ አድርጉና ሞተሩ ይያዘው። አጋማሽ ላይ ሠራተኞች አስቁመው የፍሬናችሁን ሙቀት ይለካሉ፤ ከጋለ እስኪበርድ ያስቀምጧችኋል።

የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ ሕፃን ያላት እናት ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ያልወጣ ሰው ካለ ደግሞ ችግር የለም፤ አንዱ ወላጅ አብሮት ማኒቱ ቁጭ ብሎ ምንጩን ይቅመስ።

7. ከሰዓት በኋላን ለዝናብ ተዉ

ጁላይና ኦገስት ላይ የእኛን ክረምት የሚያስታውስ ነገር አለ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ከ7 ሰዓት በኋላ ደመናው ተራራው ላይ ይከመራል፣ ከዚያ ነጎድጓድ፣ አንዳንዴም መኪና የሚያጎደጉድ በረዶ። ክፍት ቦታና ከፍታ ላይ መብረቅ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ተራራና ገደል ሁልጊዜ ጠዋት፤ ከሰዓት ከተማ ውስጥ።

ለዝናብ ቀን የመጀመሪያ ምርጫዬ የአሜሪካ ኦሊምፒክና ፓራሊምፒክ ሙዚየም ነው። በ2020 ነው የተከፈተው፤ የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ መቀመጫውም እዚችው ከተማ ነው። በሊፍት ላይኛው ፎቅ ትወጡና በጠፍጣፋ መንገድ እየዞራችሁ ትወርዳላችሁ፤ ስለዚህ ለዊልቸርም ለደከመ ጉልበትም ምቹ ነው። ልጆች ከታዋቂ ሯጭ ምስል ጋር የሚሽቀዳደሙበት አጭር መም አለ። የየዘመኑን የኦሊምፒክ ችቦዎችም ታያላችሁ። ሙዚየሙ ስለ አሜሪካ ስፖርተኞች ነው። ቢሆንም የሮም 1960 ጋ ቆም ብላችሁ ስለ አበበ ቢቂላ ባዶ እግር ለልጆቹ ብትነግሯቸው ማንም አይከለክላችሁም። ከእናንተ የተሻለ አስጎብኚ እዚያ የለም።

8. ሻንጣው

ብዙ አልዘረዝርም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወፍራም ሹራብና የዝናብ ጃኬት በጁላይም ቢሆን ያስፈልጋል። የአያት ጋቢ ጫፉ ላይ ሥራ አለው። ባርኔጣ፣ መነጽር፣ ትልልቅ የውሃ ኮዳ። ሰንስክሪን ደግሞ ለሁላችሁም ነው፤ «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚባለውን ተዉት፣ በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ይለበልባል። የተቆላ ገብስና ሽንብራ፣ ዳቦ ቆሎ ካለ ያዙ። መኪና ውስጥ ቺፕስ ከመግዛት ይሻላል።

9. አንድ ቀን ከተረፈ

ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ አንድ ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነድቶ ካንየን ሲቲ አጠገብ ያለው ሮያል ጎርጅ ነው። በ1929 የተሠራ ተንጠልጣይ ድልድይ፣ ከወንዙ በላይ 291 ሜትር፣ በእንጨት ወለሉ ቀዳዳ ቁልቁል ወንዙ ይታያል። ውድ ነው፣ ልጆች ግን ይወዱታል። ሌላው በስተምዕራብ ፍሎሪሳንት የሚባለው ብሔራዊ ቦታ ነው፤ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ የግዙፍ ዛፎች ጉቶ ይታያል፣ ዕድሜው 34 ሚሊዮን ዓመት ነው። ርካሽና ጸጥ ያለ ነው። ዳይኖሰር የሚወድ ልጅ ካለ እዚህ ሂዱ፤ ዳይኖሰር እንደሌለ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ገንዘቡ ካለቀ ደግሞ ሬድ ሮክ ካንየንና ሄለን ሀንት ፏፏቴ አሉ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ፏፏቴው ከፓርኪንጉ ጥቂት እርምጃ ነው።

10. መመለሻው

እሑድ ከሰዓት አይ-25 ወደ ሰሜን ይጨናነቃል። በዴንቨር የምትበሩ ከሆነ ጠዋት ውጡ፣ ኦሮራ ላይ ምሳ ብሉ፣ ለቤት የሚሆነውን እንጀራ ጠቅልላችሁ ያዙ። የኪራይ መኪናውን ቤንዚን እዚያው ሙሉ፤ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ማደያ ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ይጨምራል። የዴንቨር ፍተሻ ወረፋ ስለሚረዝም ሕፃን ላለው ሰው ከበረራው ሦስት ሰዓት አስቀድሞ መድረስ አይበዛም።